ስቶሪኮር አፕ፦ ሰው ማዳመጥ ለመማር እኔን የጠቀመኝ ነገር

ስቶሪኮር የሚባለውን አፕ ከቤተሰብም ከሰፈር ሰውም ጋር ስጠቀምበት ቆይቻለሁ፣ ባማርኛ ስለሱ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው ይሄን የምጽፈው። መጀመሪያ ባጭሩ ልንገራችሁ። አፑ ነፃ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ አንዱ ይጠይቃል አንዱ ያወራል፣ ስልኩ መሀል ሆኖ ይቀዳል፣ በቃ ይሄው ነው። ብዙ ሰው የቤተሰብ ታሪክ ማስቀመጫ አርጎ ነው የሚያየው፣ እሱም ልክ ነው፣ እኔ ግን በጣም የወደድኩት ሰው እንዴት እንደሚደመጥ ስለሚያለማምድ ነው። መስሪያ ቤት ስለ ማዳመጥ ስልጠና ሰጥተውናል፣ አይን አይኑን እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፣ ያለውን መልሳችሁ ድገሙለት ምናምን የሚል ነገር። አክቲቭ ሊስኒንግ (ነቅቶ ማዳመጥ) የሚሉትን ነገር ካርል ሮጀርስና ሪቻርድ ፋርሰን የሚባሉ አሜሪካዊ የስነ ልቦና ባለሙያዎች በፈረንጅ 1957 ሲጽፉበት ዋናው ሃሳባቸው ሳትፈርድ ሳትመክር ነገሩን በተናጋሪው አይን ለማየት ሞክር ነበር፣ እኛ ጋ ሲደርስ የቀረው ጭንቅላት መነቅነቁ ብቻ ነው። ከዛ ስልጠና ይልቅ ይሄን አፕ ከፍቼ እናቴ ፊት የተቀመጥኩበት ከሰአት ብዙ ነገር አሳይቶኛል።

ስለ ድርጅቱ ትንሽ ልበል (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ባበሻ ሲሆን እነግራችኋለሁ)። ዴቭ አይሴይ የሚባል የሬዲዮ ሰው ነው በ2003 ኒውዮርክ የጀመረው። ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ትንሽዬ የመቅጃ ክፍል ሰሩ፣ የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይገቡና 40 ደቂቃ ያወሩ ነበር፣ አንድ የድርጅቱ ሰራተኛ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ድምፁን ይከታተል ነበር፣ ሲጨርሱ አንድ ቅጂ ለነሱ ይሰጥ ነበር፣ ከፈቀዱ ደግሞ ሌላው ቅጂ ዋሽንግተን ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ (የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻህፍት) ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ክፍሉ ሲከፈት ሪባን የቆረጠው ስተድስ ተርክል ነው፣ ያኔ 91 አመቱ ነበር፣ እድሜውን ሙሉ ተራ ሰው እያነጋገረ የኖረ የቺካጎ የሬዲዮ ሰው። የዛን ቀን ያነሳው ሃሳብ እስካሁን ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ ይሄ ጣቢያ አርክቴክት እንደነበረው እናውቃለን፣ ግን ብረቱን የሰቀለው ማነው፣ ግንቡን የገነባው ማነው፣ ወለሉን ሲጠርግ የኖረውስ ማነው ነበር ያለው። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዲሲ ፓርኪንግ ቤት ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ፣ ታክሲ ሲነዱ፣ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ያረጁ ስንት የኛ ሰዎች እንዳሉ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ላገራቸው ሰው እንኳን ታሪካቸውን አንድም ቀን ተቀምጠው አልተናገሩም፣ ማንም አልጠየቃቸውማ።

አፑ የመጣው በ2015 ነው፣ ዴቭ አይሴይ ቴድ የሚባለው የንግግር መድረክ የሚሰጠውን 1 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ሽልማት ሲያገኝ ያንን ክፍል ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ላስገባው ብሎ ነው ያሰራው። እስካሁን በክፍሎቹም በአፑም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተቀድቷል። አሰራሩ አያስቸግርም፣ ከማን ጋር እንደምታወሩ ትሞላላችሁ፣ ከተዘጋጁት ጥያቄዎች የወደዳችሁትን ትመርጣላችሁ ወይ የራሳችሁን ትጽፋላችሁ፣ ሪከርድ ስትሉ ጥያቄዎቹ ስክሪኑ ላይ ስላሉ ወረቀት መያዝ አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ አብራችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ርእስ ትሰጡታላችሁ፣ ከዛ ስልካችሁ ላይ ማስቀረት ወይም ወደ አርካይቫቸው መላክ የናንተ ምርጫ ነው። ስለ ቴክኒኩ ይሄ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አፑ ገና ሳይከፈት አንድ ነገር ያስወስናችኋል፣ ዛሬ ጠያቂው ማነው ተጠያቂው ማነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን እስቲ የኛን ጨዋታ አስቡት። ቡና ላይ ስንቀመጥ አንዷ ስለ ወገቧ ህመም ስትጀምር ሌላዋ የራሷን ጉልበት ታመጣለች፣ አንዱ ስለ አለቃው ሲያማርር ሌላው "ይሄ ምን አላት፣ የኔን ብትሰማ" ይላል፣ እንዲህ እየተቀባበልን ነው ምናመሸው። እኔ ይሄን ጨዋታ እወደዋለሁ፣ ይጥፋ አልልም። ግን ከባድ ነገር ሆዱ ውስጥ ያለ ሰው በዚህ ቅብብል መሀል መግቢያ አያገኝም፣ ጀመር ያርገውና ሌላ ሰው ሲነጥቀው ዝም ይላል፣ እኛም ዝም ማለቱን አናይም። አፑ ላይ ግን ተራችሁ አይደለም፣ የዛሬው የሷ ነው። "እኔም እኮ አንዴ..." የሚለው አረፍተ ነገር ከአፋችሁ ሊወጣ ሲል ስልኩ እየቀዳ እንደሆነ ትዝ ይላችኋል፣ ትተዉታላችሁ። ስልኩ ደግሞ ስራ ላይ ስለሆነ አትነኩትም፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ታረጉታላችሁ፣ ቲክቶክ የለም ዋትሳፕ የለም። ከናቱ ጋር ሆኖ 40 ደቂቃ ሙሉ ስልክ ያልነካ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው ዝምታ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ንግግርን የሚያጠኑ ሰዎች በ2009 10 ቋንቋዎችን አወዳድረው ነበር፣ አንዱ ጥያቄ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ከአንድ ሰከንድ ሩብም አይሞላም። ይሄ ማለት ሰውየው ሳይጨርስ እኛ መልሳችንን ማዘጋጀት ጀምረናል ማለት ነው፣ ተፈጥሯችን ነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ ደግሞ በ1970ዎቹ አስተማሪዎችን ስታጠና ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘችው፣ 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። 3 ሰከንድ እኮ ምንም አይደለም፣ ግን ሰው ፊት ስትሆኑ አንድ አመት ነው የሚመስለው፣ ሞክሩት።

ቀረፃውን መልሳችሁ ስትሰሙ ይሄ ነገር በጆሯችሁ ይገባችኋል። እናቴን ስለ አያቴ ጠየቅኳትና "ደህና ሰው ነበር" አለችና ዝም አለች። ቀረፃው ላይ ዝምታው ይሰማል፣ የፍሪጅ ድምፅ አለ፣ ውጪ መኪና ያልፋል፣ ከዛ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታረጋለች፣ ታውቁታላችሁ እናቶቻችን አዎ ሲሉ እንደሚያረጉት፣ ከዛ "አንድ ቀን ግን..." ብላ ጀመረች። ከ"አንድ ቀን ግን" በኋላ የመጣው እኔ እድሜዬን ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። ያቺን ዝምታ በሌላ ጥያቄ ሞልቼባት ቢሆን ኖሮ "ደህና ሰው ነበር" የሚለው ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ከዛ ወዲህ ቀረፃ በሰማሁ ቁጥር የማየው ይሄንኑ ነው፣ ዋናው ታሪክ ከዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ለሁሉም ሰው የሚሰጠው መልስ ነው።

የጥያቄዎቹ ጉዳይ ሌላ ነው፣ እዚህ ጋ ለኛ ሰው የሚከብድ ነገር አለ። የተዘጋጁት ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ሃሳባቸው ጥሩ ነው፣ በህይወትህ ትልቅ ቦታ ያለው ሰው ማነው፣ በጣም የተደሰትክበት ጊዜ መቼ ነው፣ ሰው እንዴት እንዲያስታውስህ ትፈልጋለህ አይነት ናቸው። ፈረንጅ ይመልሳቸዋል። እናቴን በጣም የተደሰትሽበት ቀን መቼ ነው ስላት ግን "ተመስገን ነው ልጄ፣ ሁሉም ቀን የሱ ነው" ነው ያለችኝ። አባቶችም እንደዛው ናቸው፣ ሰው እንዴት እንዲያስታውስህ ትፈልጋለህ ስትሏቸው "ምን፣ ልትቀብሩኝ ነው?" ይላሉ። ሰፊ ጥያቄ ሲመጣ የኛ ትልልቅ ሰዎች በምስጋና ነው የሚዘጉት፣ ጨዋነት ነው፣ ደስታዬ ይሄ ነው ሀዘኔ ይሄ ነው እያሉ መዘርዘር ደስ አይላቸውም።

ትንንሽ ነገር ስትጠይቁ ግን በሩ ይከፈታል። እናቴ ደሴ ነው ያደገችው፣ ውሃ ከየት ነበር ምትቀዱት ብዬ ስጠይቃት ምንጩን፣ ወረፋውን፣ እዛ የሚወራውን ሃሜት፣ እንስራዋን የሰበረች ጊዜ ማን እንደደበቀላት፣ ሁሉንም ነገረችኝ፣ እኔ ደስታሽ ምን ነበር ብዬ ሳልጠይቅ እየሳቀች ደስታዋን አወራችኝ። ዘመቻም እንደዛ ነው። ለማታውቁት ልጆች፣ ባበሻ 1967 ደርግ እድገት በህብረት ብሎ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎችን ገጠር አዝምቷል፣ እሷም ያኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዘመቻ እንዴት ነበር ብላችሁ ብትጠይቋት "አይ እሱማ ብዙ ነው" ብላ ታልፈዋለች፣ ስንት ጊዜ እንደዛ ብላ አልፋናለች። ቤት ስትወጪ ምን ይዘሽ ወጣሽ ስላት ግን ቀስ እያለች ብርድ ልብሱ፣ ጫማው፣ አያቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ የሰጠቻት ብር፣ መኪናው ሲነሳ ማን እንዳለቀሰ ማን እንዳላለቀሰ። አንዱ እቃ ሌላውን እያመጣ ነው የሄደው። እኔ ያልኩት ነገር ቢኖር "ከዛስ?" ብቻ ነው። ከዛስ፣ ማን ነበር አብሮሽ፣ እሱ ምን አለ፣ እነዚህ ከአፑ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጣሉ።

ልጆች በዚህ ነገር ከኛ ይሻላሉ። ስቶሪኮር በየአመቱ በታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በአል) ሰሞን የሃይስኩል ተማሪዎች ትልቅ ሰው እንዲያነጋግሩ የሚያረግበት ፕሮግራም አለው፣ እሱም በ2015 ነው የተጀመረው፣ የወንድሜ ልጅ በዛ ምክንያት አባቴን ሲቀዳ አጠገባቸው ነበርኩ። ልጁ አማርኛው ግማሽ ነው፣ ወፍጮ ቤት ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፣ ለምን አህያ ላይ ትጭናለህ ይላል፣ ለምን እዛ ታድራለህ ይላል። እኛ ትልልቆቹ ይሄን ታሪክ አባቴ ገና አፉን ሲከፍት "እሱንማ ሰምተነዋል አባዬ" ምንለው ነው። ልጁ ግን ምንም ስለማያውቅ አባቴ ሁሉንም ነገር ከስሩ ማስረዳት ነበረበት፣ ወረፋ ሳይደርሰው መሽቶበት ጆንያው ላይ ተኝቶ እንዳደረ፣ ባለወፍጮው ሌሊት ተነስቶ ጋቢውን እንዳለበሰው። ጋቢውን ማናችንም አናውቅም ነበር! ሰምተነዋል እያልን ስናቋርጠው ታሪኩ ጋቢው ጋ ደርሶ አያውቅም። እኔ አሁን የማውቀውን ሰው ሳወራ ያን ልጅ ነው የማስበው፣ እንደማላውቅ ሆኜ ነው ምጠይቀው፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ እውነትም አላውቅም።

የቤተሰብ ያልሆነ ትልቅ ሰው ስትቀዱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ይሄን በደንብ ልናገር። ኢንተርቪው የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ብዙ የኛ ሰው እዚህ አገር ኢንተርቪው ሲባል የሚያስታውሰው የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ፊት የተቀመጠበትን ቀን ነው፣ የድሮ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሰው ሲጠይቃቸውና ሲጽፍ ቀበሌ ነው ትዝ የሚላቸው። ቤተክርስቲያን የማውቃቸው አንድ እማማ አሉ፣ ልጆቻቸው ሁለት ሁለት ስራ ስለሚሰሩ ቀኑን ብቻቸውን ነው የሚውሉት፣ ስጠይቃቸው "እኔ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ የተማረ ሰው ጠይቂ" አሉኝ። እሺ ብዬ ቡና ጠጣን፣ ሌላ ቀን "እማማ፣ ያን የዶሮ ወጥ አሰራርዎን ልቅዳና ለልጆቼ ላስቀምጥላቸው" አልኳቸው፣ ማቆሚያውን አሳየኋቸው፣ "ደስ ካላልዎት ይቺን ይንኩ፣ ያቆማል" አልኳቸው። ከሽንኩርቱ ተነስተን ሱዳን ገዳሪፍ ደረስን፣ በእግራቸው የተሻገሩትን መንገድ ነገሩኝ። ማቆሚያውን አልነኩትም፣ ግን እጃቸው ስር መሆኑ ነው ያናገራቸው ብዬ አምናለሁ።

እንደዚህ አይነት ነገር ከተቀዳ በኋላ ፐብሊክ ማረግ አለማረግ ቀልድ አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ ማን ማንን እንደጠቆመ፣ ማን በምን መንገድ እንደወጣ፣ የሰው ስም ይነሳል፣ ሰዎቹ ወይ ልጆቻቸው ዛሬም አሉ። አሜሪካኖቹ ለአለም መስማቱን ያበረታታሉ፣ የድርጅቱ መንፈስ እሱ ነው፣ እኔ ግን ለኛ ሰው መጀመሪያ ስልክ ላይ ብቻ ይቀመጥ እላለሁ፣ ከዛ ተናጋሪው ራሱ ቁጭ ብሎ ይስማውና ይወስን። ደግሞ መልሰው ሲሰሙት የሚያሳዩት ደስታ ለብቻው ይጠቅማል፣ እማማ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ "ይቺ ሴትዮ ብዙ አይታለች" ነበር ያሉት።

ስለ ቡና አንድ ነገር፣ ለድምፅ ጥራት ሲሉ ፀጥ ያለ ክፍል ፈልጉ ነው የሚሉት፣ የኛ ሰው ደግሞ ያለቡና አያወራም። ቆሎ አትቅረብ፣ ሙቀጫው ከስልኩ ይራቅ፣ አቦል ተጠጥቶ ወደ ቶና ስትሄዱ ሪከርድ በሉ፣ ያኔ ሰውም ሞቅ ብሎታል ሲኒም አያንኳኳም።

ስቶሪኮሮች የሚሉት 40 ደቂቃ ለኛ ያንሳል ባይ ነኝ። እኛ ሰላምታ ብቻ 10 ደቂቃ እንጨርሳለን፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ነገሩን ከስሩ ነው የሚጀምረው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ወደ ታሪኩ አይገባም። እኔ የማረገው ከፋፍዬ በሌላ ቀን መቀጠል ነው። ያም ሆኖ ገደብ መኖሩን እወደዋለሁ፣ ሙሉ ቀን ጥሩ አዳማጭ ልሁን የሚል ሰው ይደክመውና ይተወዋል፣ 40 ደቂቃ ግን ማንም ይችላል።

ከአፑ ውጪ ምን ተረፈኝ ላላችሁኝ። መጀመሪያ የተቀየረው አዲስ አበባ ስደውል ነው። የስልክ ሰላምታችንን ታውቁታላችሁ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ስራ፣ ጤና፣ ተመስገን ተመስገን፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ቻው። አሁን እህቴን ዛሬ ማን መጣ፣ ምን ሰራችሁ፣ የጎረቤቷ ልጅ ፈተናው ምን ሆነ ብዬ ነው ምጠይቃት፣ ያለፈው ሳምንት የነገረችኝን ይዤ ነው ምቀጥለው። እሷም "ዛሬ ደሞ ምን ሆነሻል፣ ጊዜ አገኘሽ" ብላ ትስቃለች፣ ግን ታወራኛለች፣ የምታወራኝም ነገር ድሮ ከምታወራኝ የተለየ ነው።

ከጓደኛ ጋርም እንደዛው። ሰው ችግሩን ሲነግረን ቶሎ "አይዞሽ" ማለት እንወዳለን፣ "ተይው ባክሽ፣ እግዜር ያውቃል" እንላለን፣ ከደግነት ነው፣ ሲከፋት ማየት ስለማንችል ነው። ግን በሁለተኛው ደቂቃ ላይ የመጣ አይዞሽ ወሬውን ይዘጋዋል፣ ሰውየዋ "እሺ" ትልና ሌላ ጨዋታ ታመጣለች። አንድ ጓደኛዬ ስራ ልለቅ ነው ስትለኝ እንዳትለቂ፣ ኢንሹራንሱስ፣ ማለት ይቻል ነበር። ልትለቂ? ብዬ ዝም አልኩ። ስለ ስራው ያወራችው ትንሽ ነው፣ የቀረው ሁሉ ስለ ታመመ አባቷ ነበር፣ አገር ገብታ ልታስታምመው ፈልጋ ለማንም መናገር አቅቷት ነው። አይዞሽን መጨረሻ ላይ አልኳት፣ ያኔ ደርሷል። ለቅሶ ቤት የምንሄድ ሰዎች ይሄን ድሮም እናውቀዋለን እኮ፣ ገብተን ዝም ብለን እንቀመጣለን፣ ሀዘንተኛው ሲጀምር እንሰማለን፣ ማንም ምክር አይሰጥም። ያን ዝም ብሎ መቀመጥ ለምን ለለቅሶ ብቻ እንዳስቀመጥነው አላውቅም።

የሚጎድለውን ልናገር። አማርኛ የለውም፣ ሜኑውም ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወላጆቻችን ራሳቸው ከፍተው አይጠቀሙበትም፣ የግድ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ያማርኛ ጥያቄ እኔ ራሴ ነው ጽፌ የምጨምረው፣ አንድ ማህበር ወይ ቤተክርስቲያን ተቀምጦ ጥሩ ጥሩ ያማርኛ ጥያቄዎች ቢያዘጋጅ ትልቅ ስራ ነው። ሌላው ደግሞ አፑ አንድ ጊዜ ቀድታችሁ እንድትሄዱ ነው የተሰራ የሚመስለው፣ ከዛ ሰው ጋር ከአመት በኋላም ቀጥሉ የሚል ነገር ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር። ሩቅ ላለ ሰው በኮቪድ ጊዜ በ2020 ስቶሪኮር ኮኔክት የሚባል በቪዲዮ የሚቀዳ ነገር አውጥተዋል፣ ኢንተርኔቱ ጥሩ የሆነ ሰው ይሞክረው፣ እኔ ግን ፊት ለፊቱን አስበልጣለሁ፣ የምታወራኝ ሰው እጇ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ መቼ ዝም ማለት እንዳለብኝ አይገባኝም። አገር ቤት ያላችሁ አፑን ካልፈለጋችሁ የስልካችሁ ድምፅ መቅጃ ይበቃል፣ ጠያቂና ተጠያቂ ለዩ፣ ሰአት ወስኑ፣ ኤርፕሌን ሞድ አርጉት፣ ፋይሉን በሰውየው ስምና በቀኑ ሴቭ አርጉ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን ያስቀረሁት ባማርኛው ምክንያት ነው። ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ መጀመሪያ ለናንተ፣ ልጁና አያቱ ማውራት አቅቷቸው ሶፋ ላይ ተፋጠው ለሚውሉበት ቤት። ባልና ሚስትም ሞክሩት፣ ተራ በተራ ጠያቂ ሁኑ። በቅርብ የተጣላ ሰው ጋር ግን አይሆንም፣ የተቀዳ ነገር መልሶ ለክስ ሊውል ይችላል፣ እሱን በሽማግሌ ጨርሱት።

ለመጀመር ከፈለጋችሁ እኔ የምጠቀምባቸውን ጥያቄዎች ውሰዱ። ያደግሽበት ቤት በሩ ወደየት ነው ሚከፈተው? ማታ ማን ነበር ኩራዝ የሚያበራው? መጀመሪያ የተገዛልሽ ጫማ ምን አይነት ነው? አዲስ አበባ መጀመሪያ ስትገቢ የት አደርሽ? እዚህ አገር ስትመጪ ኤርፖርት ማን ተቀበለሽ፣ መጀመሪያ ምን በላሽ? ከነዚህ አንዱን ጠይቁና ዝም በሉ። ሪከርዱን ካቆማችሁ በኋላም ቶሎ አትነሱ፣ ብዙ ሰው ስልኩ ሲዘጋ ነው "አንድ ነገር ልንገርሽ ግን" የሚለው፣ እሱን ለመቅዳት መልሳችሁ ስልክ አታንሱ፣ ዝም ብላችሁ ስሙት።